ሐሴት ለዋንጫም ይሆናል

ጥያቄ፦ የምኖረው ጅማ ነው። ጅማ አባ ጅፋር በፕሪሚየር ሊጉ በተሳተፈበት የመጀመሪያ ዓመት፣ በ2010 ዓ.ም.፣ ዋንጫውን ማንሳቱን የሚያስታውስ ጽሑፍ ሳዘጋጅ «ከተማዋ ሐሴት አደረገች» ብዬ ጻፍሁ። የሥራ ባልደረባዬ «ሐሴት መንፈሳዊ ቃል ነው፤ ለኳስ ‹ደስታ› የሚለው ቃል ይበቃል» አለኝ። ምንጩና ትርጉሙ ምንድን ነው? የሚጻፈውስ በየትኛው «ሰ» ነው?

መልስ፦ ቃልዎን አይሰርዙት። ሐሴት የግእዝ ልጅ ነው፤ ግሡ «ተሐሥየ» ይባላል፣ እጅግ ደስ ተሰኘ ማለት ነው። ባልደረባዎ ቃሉ በመንፈሳዊ ጽሑፍ በኩል ወደ እኛ መድረሱን በመናገራቸው ልክ ናቸው። እስቲ እዚያው ሄደን እንየው። በግእዙ ቁጥር 117ኛው መዝሙር «ንትፌሣሕ ወንትሐሠይ ባቲ» ይላል። አማርኛው «ሐሤትን እናድርግ፣ በእርስዋም ደስ ይበለን» ብሎ መለሰው። ዘማሪው በጠላት ተከቦ የዳነ ሰው ነው፤ ጥቂት ቀደም ብሎም ግንበኞች የናቁት ድንጋይ የማዕዘን ራስ እንደ ሆነ ይናገራል። ስለዚህ ሐሴት ድል ያለበት ደስታ ነው። ገና በመጣበት ዓመት ዋንጫ ላነሳ ቡድን ከዚህ የሚስማማ ቃል አላውቅም።

እኔን ይበልጥ የሚያስደንቀኝ ሰዋስዉ ነው። «ደስ አለኝ» ስንል ደስታው መጥቶ ያገኘናል፤ ባለቤቱ እኛ አይደለንም፣ «ኝ» ተቀባይ አድርጎናል። «ሐሴት አደረግሁ» ስንል ግን አድራጊው ሰውየው ራሱ ነው። ደስታውን ተቀብሎ ዝም አላለም፣ አወጣው። «ከተማዋ ደስ አላት» እና «ከተማዋ ሐሴት አደረገች» የሚሉትን ጮክ ብለው ያንብቧቸው፤ አደባባይ የሚታይዎት በሁለተኛው ነው።

እልልታና ሆታ ይህ ደስታ የሚሰማባቸው ድምፆች ናቸው። ፈንጠዝያ ደግሞ ጭፈራውንና ግብዣውን ያስቀድማል፤ ድል ባይኖርም ፈንጠዝያ ይኖራል።

ቃሉ በትንሽ በትልቁ ባይባክን ግን እወዳለሁ። ባጃጅ ቶሎ ያገኘ ሰው ደስ ይለዋል እንጂ ሐሴት አያደርግም።

አጻጻፉ እንደ ግእዙ ከሆነ በሐመሩ «ሐ» እና በንጉሡ «ሠ»፣ «ሐሤት» ነው። ዛሬ በጋዜጣ «ሐሴት» በዝቷል፣ ስሕተት አልለውም። ሁለቱን በአንድ ጽሑፍ ውስጥ ማቀላቀል ግን አይገባም።