አሮጌው የዱቄት ፋብሪካ ሊፈርስ ነው፤ ከስሰን ማስቆም እንችላለን?

ጥያቄ፦ የምጽፍልዎ ከሰሜን ሸዋ ዞን፣ ከአንዲት ትንሽ ከተማ ነው። ከአጥራችን ጋር የተያያዘ አሮጌ የዱቄት ፋብሪካ አለ። አባቴ ጡረታ እስኪወጣ ድረስ እዚያ ሠርቷል። ፋብሪካው ሥራ ካቆመ ቆይቷል። የጥቁር ድንጋይ ግንቡ፣ ወፍጮዎቹ፣ የሠራተኞቹ የደመወዝ መዝገብ ሳይቀር ግን አሁንም አሉ። ቦታው ለአንድ አልሚ ተሰጥቶ ቅይጥ ሕንፃ ሊሠራበት ነው። ሄደን ስንጠይቅ “በቅርስነት አልተመዘገበም፣ እናንተን አያገባችሁም” ተባልን። የእኛም ቤት ልማቱ ውስጥ ገብቷል ተብሎ የልቀቁ ደብዳቤ ደርሶናል። ምን ይሻለናል?

መልስ፦ እኅቴ፣ የጠየቁኝ ሁለት ጉዳይ ነው። አንዱ ቤትዎ ነው፣ ሌላው ፋብሪካው። በአንድ ማመልከቻ አይጨፍልቋቸው። የሚታዩት በተለያየ ሕግና በተለያየ መሥሪያ ቤት ነው። ሲደባለቁ የሚጎዳው ደግሞ ጠንካራው ጥያቄዎ ነው።

ከቤቱ ልጀምር፣ ቀን እየቆጠረ ያለው እሱ ነውና። መሬት ለሕዝብ ጥቅም ሲለቀቅ የሚሠራው አዋጅ ቁጥር 1161/2011 ከነማሻሻያው ነው። የማስለቀቂያ ትእዛዝ የደረሰው ሰው በ30 ቀን ውስጥ ለአቤቱታ ሰሚው አካል ማመልከት ይችላል። በውሳኔው ካልተስማማ ይግባኝ ሰሚ ጉባኤ አለ፣ ከዚያ ፍርድ ቤት። ደረጃውን ዘለው በቀጥታ ፍርድ ቤት ከገቡ መዝገቡ ሊዘጋብዎ ይችላል። ደብዳቤው የደረሰበትን ቀን አሁኑኑ ይመልከቱ። የይዞታ ማረጋገጫ፣ የግብር ደረሰኝ፣ የቤቱን ፎቶ ያያይዙ። ሌላም ልብ የማይባል ነገር አለ፦ ይኸው አዋጅ ለባለይዞታ መሬቱን የማልማት ቅድሚያ ይሰጣል። ፕላኑን ተከትለው ለማልማት አቅሙ ካለዎት፣ በግል ወይም ከጎረቤት ጋር ሆነው “እኛው እናልማው” የሚል ጥያቄ ማቅረብ ይችላሉ። ስለ ካሳ ከመከራከርዎ በፊት ይህን ያንሱ።

አሁን ወደ ፋብሪካው። “አልተመዘገበም” የሚለው መልስ “ቅርስ አይደለም” ማለት አይደለም። የቅርስ ጥናትና አጠባበቅ አዋጅ ቁጥር 209/1992 ቅርስን የሚተረጉመው በሰው ልጅ የፈጠራና የሥራ ውጤትነቱ፣ በሳይንሳዊ፣ በታሪካዊ፣ በባህላዊና በኪነ ጥበባዊ ዋጋው ነው። ሕንፃን በስም ጠቅሶ ከማይንቀሳቀሱ ቅርሶች ይቆጥረዋል። የዕድሜ ገደብ አላስቀመጠም። ቅርስ ሲባል ቤተ መንግሥትና ገዳም ብቻ የሚመጣበት ሹም ቢኖር ሕጉ እንደዚያ አይልም። ደግሞም ለሰሜን ሸዋ የወፍጮ ታሪክ ባዳ አይደለም። በ19ኛው ክፍለ ዘመን፣ በንጉሥ ሣህለ ሥላሴ ዘመን፣ አንኮበር አካባቢ በውጭ አገር ባለሙያ የተሠራ የውሃ ወፍጮ ነበር። የእናንተ ፋብሪካ የዚያ ታሪክ ተከታይ መሆኑን በማመልከቻችሁ ላይ መጻፍ ያስኬዳል።

እውነቱን ልንገርዎት፣ ሳይመዘገብ የቀረ ቅርስ በተግባር ጠባቂ የለውም። ስለዚህ የምዝገባ ጥያቄውን ዛሬ ነገ ሳትሉ ለከተማችሁ ባህልና ቱሪዝም ጽሕፈት ቤት አስገቡ። ግልባጩ ለዞኑ መምሪያ፣ ለክልሉ ቢሮና ለኢትዮጵያ ቅርስ ባለሥልጣን ይሂድ። ፎቶ በየአቅጣጫው አንሡ። ወፍጮው ላይ የተለጠፈች ብረት ካለች የሠሪውን ስምና ዓመተ ምሕረት ታሳያለች፣ እሷን አጠገቧ ቆማችሁ በደንብ አንሷት። እዚያ የሠሩ አረጋውያንን ቃል በጽሑፍ አስፈርሙ። ግልባጫችሁ ላይ የገቢ ቁጥርና ማኅተም ሳታስደርጉ ከመዝገብ ቤት እንዳትወጡ። ገቢ ያልሆነ ማመልከቻ ፍርድ ቤት ፊት እንዳልተጻፈ ነው።

ከስሰን እናስቁም ላሉት፣ እንቅፋቱ የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕግ ቁጥር 33(2) ነው። ከሳሽ በክርክሩ ላይ ጥቅም ወይም መብት እንዳለው ማሳየት አለበት። “አባቴ እዚያ ሠርቷል” የሚለው ልብ ይነካል። ዳኛው ግን “የእርስዎ መብት የቱ ላይ ነው?” ማለቱ አይቀርም። ብዙ ሰው ተስፋ ቆርጦ የሚመለሰው እዚህ በር ላይ ነው።

እኔ በሌላ በር ግቡ እላለሁ። ግንቡ የማይሰጣችሁን የመክሰስ መብት መሬቱ ሊሰጣችሁ ይችላል። የፋብሪካ ቦታ ተራ ባዶ መሬት አይደለም። ወፍጮው በናፍጣ ሞተር ይዞር ከነበረ የተቀበረ ታንከር ሊኖር ይችላል። ለዓመታት የፈሰሰ የሞተር ዘይትም አፈሩ ውስጥ ሊኖር ይችላል። ጣሪያው ኤተርኒት (አስቤስቶስ የተቀላቀለበት የሲሚንቶ ክዳን) ከሆነ ሲሰበር የሚበንነው አቧራ ለሳንባ አደገኛ ነው። ይህ ሁሉ በዶዘር ሲገለበጥ ወደ ጎረቤት ግቢና ጉድጓድ ውሃ ሊመጣ ይችላል። የአካባቢ ብክለት ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 300/1995 አንቀጽ 11 ደግሞ በአካባቢ ላይ ጉዳት ያደርሳል በሚባል ሰው ላይ ማንም ሰው፣ የግል ጥቅሙን ማሳየት ሳያስፈልገው፣ አቤት ማለት እንደሚችል ይደነግጋል። ጉዳቱ እስኪደርስ መጠበቅም የለባችሁም፣ ሊደርስ የሚችል ከሆነ ይበቃል። መጀመሪያ ለክልሉ የአካባቢ ጥበቃ መሥሪያ ቤት ያመልክቱ። በ30 ቀን ውስጥ መልስ ካልሰጠ ወይም መልሱ ካላረካችሁ፣ ከዚያ ባሉት 60 ቀናት ፍርድ ቤት መክሰስ ትችላላችሁ።

እግረ መንገዳችሁን ፕሮጀክቱ የአካባቢ ተጽዕኖ ግምገማ ተደርጎለት እንደሆነ በጽሑፍ ጠይቁ። አዋጅ ቁጥር 299/1995 ተጽዕኖ ሲል የባህል ቅርስንም ይጨምራል፣ የአካባቢው ሕዝብ አስተያየት እንዲሰማም ያዛል። ግምገማ የሚያስፈልገው ፕሮጀክት ሆኖ ሳለ ሳይደረግ ከቀረ፣ ወይም ሪፖርቱ ስለ አሮጌው ሕንፃ አንድ መስመር ካልጻፈ፣ ትልቅ መከራከሪያ አገኛችሁ ማለት ነው።

ዶዘሩ በር ላይ ከቆመስ? በሥነ ሥርዓት ሕጉ ቁጥር 154 መሠረት ለክርክር የቀረበ ንብረት ሊበላሽ ወይም ሊጠፋ ሲል ፍርድ ቤት እግድ ሊሰጥ ይችላል። ግን እግድ ብቻውን አይቆምም፣ ዋና ክስ ይፈልጋል። ለዚህ ነው ማመልከቻው ቀድሞ ይግባ የምለው።

አልሚውን እንደ ጠላት አትዩት። አነጋግሩት። የፊት ለፊቱን ግንብ ትቶ ከኋላ መገንባት ይችላል፣ ይህ በብዙ አገር የተለመደ ነው። የተስማማችሁበትን ግን የዲዛይን ፈቃዱ ላይ ያስፍር፣ በቃል ብቻ አትለያዩ።

መዝገቦቹን በተመለከተ አንድ ነገር አደራ። ሕንፃውን ማፍረስ ሕጋዊ ነው ተብሎ ቢወሰን እንኳ የደመወዝ መዝገቡና ወፍጮዎቹ አብረው የሚቀበሩበት ምክንያት የለም። ሰውነቱን ለዚያ ሥራ የሰጠ ሰው ሁሉ ስሙ እዚያ ውስጥ ነው። ማፍረስ ከመጀመሩ በፊት በቆጠራ ተመዝግበው ለባህልና ቱሪዝም ጽሕፈት ቤቱ እንዲተላለፉ ጠይቁ፣ በምዝገባ ማመልከቻው መጨረሻ ላይም ይህን እንደ አማራጭ ጥያቄ ለይታችሁ አስገቡት።