ርካሽ ቤት ከመግዛታችሁ በፊት

የትልልቆቹ ከተሞች ኪራይ ሲያማርረን "እዚያ ማዶ ቤት በግማሽ ዋጋ ይገኛል፣ ፋብሪካውም ሰው ይቀጥራል" የሚል ወሬ ይመጣል። ብዙ ጊዜ እውነት ነው። ስደት ላይ እንደቆየ ወንድም የምላችሁ ግን፣ ቤቱን ከማየታችሁ በፊት ከተማዋ በምን እንደምትተዳደር ጠይቁ።

ጌሪን እንውሰድ፤ አሜሪካ፣ ኢንዲያና ግዛት ውስጥ ናት። እ.ኤ.አ. በ1906 ዩኤስ ስቲል የተባለው ኩባንያ ለብረት ፋብሪካው ብሎ የቆረቆራት ከተማ ነች። በ1960 ከ178 ሺህ በላይ ሕዝብ ነበራት። በ2020 ቆጠራ 69 ሺህ ገደማ ቀርቷል። የሚገርመው ፋብሪካው ዛሬም ይሠራል። የሠራተኛው ቁጥር ግን ተመናመነ፣ አቅም ያለውም ወደ ዳር ዳር ሰፈሮች ወጣ። ስለዚህ "ፋብሪካው አለ" ማለት ብቻውን ዋስትና አይሆንም።

የካናዳዋ ዩራኒየም ሲቲ ደግሞ ቀስ ብላ እንኳ አልከሰመችም። በ1982 ማዕድን ማውጫው ሲዘጋ ሰው ጓዙን ጠቅልሎ ወጣ። ዛሬ መቶ ነዋሪ አይሞላባትም።

ትልቁ አደጋ ሥራችሁና ቤታችሁ አንድ ኩባንያ ላይ መንጠልጠላቸው ነው። ኩባንያው ሲዘጋ ደመወዝ ይቆማል፤ በዚያው ሰሞን ጎረቤቱ ሁሉ ቤቱን ለሽያጭ ያወጣል። ማን ይግዛ? የቤቱ ዋጋ ይወርዳል፣ የባንኩ ዕዳ ግን ንቅንቅ አይልም።

ሌላም አለ። ሰው ሲቀንስ ቧንቧውና መንገዱ አይቀንስም፤ ወጪው በቀሪው ሰው ጫንቃ ላይ ይወድቃል። በ1950 ወደ 1.85 ሚሊዮን ሕዝብ የነበራት ዲትሮይት በ2013 ወደ 18 ቢሊዮን ዶላር ዕዳ ተሸክማ መክሰሯን አወጀች። (አሁን እያንሰራራች ነው፤ ለሽማግሌ ግን ረጅም ጥበቃ ነው።)

አትሂዱ አላልኩም። ሥራው ጥሩ ከሆነ ሂዱ፣ ግን መጀመሪያ ተከራዩ። የሕዝብ ቆጠራውን የሃያ ሠላሳ ዓመት ውጤት እዩ፤ ኢንተርኔት ላይ በነፃ ይገኛል። ትምህርት ቤት እየተዘጋ ወይም እየተቀላቀለ ከሆነ ልብ በሉ፤ ወጣት ቤተሰብ እየወጣ ነው ማለት ነው። ፒትስበርግ የብረት ሥራዋ ሲወድቅ ዩኒቨርሲቲና ሆስፒታሎቿ ይዘዋታል፤ እናንተም ከፋብሪካው ሌላ እንዲህ ያለ ቀጣሪ መኖሩን አጣሩ። ባልና ሚስት እዚያው ፋብሪካ የምትሠሩ ከሆነ ደግሞ አንዳችሁ ሌላ ቦታ ሥራ ሳታገኙ የግዢ ውል አትፈርሙ።