«ብቸኛ አልበም» ስንት ጊዜ ይወጣል?

ጥያቄ፦ አራት ኪሎ ለሚዘጋጅ መጽሔት ስለ ሙዚቃ እጽፋለሁ። ከባንድ ስለወጣ ድምፃዊ «በራሱ ፕሮዲውስ ያደረገውና ዘውጎችን የቀላቀለው የመጀመሪያ ብቸኛ አልበሙ ሂስ ቀረበበት» ብዬ ብጽፍ አርታኢዬ ሰረዘብኝ። ማለት የፈለግሁት ሃያሲያን ወደዱት ነው። ጥፋቱ ምኑ ላይ ነው?

መልስ፦ ከመጨረሻው ልጀምር፤ የባሰው እሱ ነው። ሂስ ማሞገስንም መንቀፍንም ይይዛል፤ «ቀረበበት» ሲሉት ግን «በት» ነገሩን ክስ ያደርገዋል። «ተፈረደለት»ን ከ«ተፈረደበት» ጋር ያስተያዩ፤ በአንዲት ፊደል ልዩነት አንዱ ወደ ቤቱ፣ ሌላው ወደ ወህኒ ይሄዳል። «ሂስና ግለ ሂስ» ሲባል የኖረበት ትውልድማ ቃሉን ብቻውን ሲሰማም ይደነግጣል። «ሃያሲያን ወደዱት» ይበሉ። ቅንብሩን አሞግሰው ግጥሙን ነቅፈው ከሆነ እንደዚያው ይጻፉት። «መልካም አቀባበል ተደረገለት» ካሉማ ቦሌ አበባ ይዘው የወጡለት ይመስላል።

«ብቸኛ አልበም» ሌላ የለውም ማለት ነው፤ ሁለተኛውን ሲያወጣ ምን ሊሉ ነው? «ነጠላ» እንዳይሉት ቦታውን ነጠላ ዜማ ይዞታል። «ለብቻው የሠራው» ቢሉ ከበሮውንም ራሱ መታ ያሰኛል። «በስሙ ያወጣው የመጀመሪያ አልበም» ይበቃል፤ «የበኩር»ም ያምራል።

«ፕሮዲውስ» በፒያሳ ሙዚቃ ቤቶች አፍ ገንዘብ አውጥቶ ማሳተም ነው። አምሃ እሸቴ እ.ኤ.አ. በ1969 አምሃ ሪከርድስ የተባለውን ሸክላ አሳታሚ ሲያቋቁም ሸክላ የማሳተም መብት የሀገር ፍቅር ቴአትር ብቻ ነበር፤ የገባበት ድፍረት የገንዘብና የሕግ እንጂ የቅንብር አልነበረም። ዛሬ በኮምፒዩተር የሚሠራው ወጣት ግን በዚያው ቃል ድምፁን መቅረጽን፣ ማቀናበርን፣ ሚክሲንግን (የተቀረጹትን ድምፆች ማመጣጠንን) ይጠራበታል። ስለዚህ ይለዩት፦ «ወጪውን ራሱ ሸፍኖ» ወይስ «ራሱ አቀናብሮ»? ሁለቱም ከሆነ ሁለቱንም ይጻፉ። ማስተሪንጉን፣ ማለትም የድምፁን የመጨረሻ ማጣሪያ፣ ሌላ ሰው ከሠራው «ሁሉን ራሱ ሠራው» አይባልም።

«ዘውግ» በሥነ ጽሑፍ ሂስ የተለመደ ቃል ነው፤ የዛሬ አንባቢ ግን ሐሳቡ ወደ ፖለቲካው ይሮጣል። «ስልት» ይሻላል፤ ብቻ ቅኝትን ከስልት እንዳያምታቱ። «ባቲን ከሬጌ ቀላቀለ» የሚል አረፍተ ነገር ደጋግሞ ያጋጥማል። ባቲ ቅኝት ነው፤ ዜማው የሚሄድባቸውን አምስት ድምፆች ይወስናል። ሬጌ ደግሞ የምትና የአጨዋወት ጉዳይ ነው። ስለዚህ አንድ ዘፈን ከላይ እስከ ታች ሬጌ ሆኖ ከላይ እስከ ታች ባቲ ሊሆን ይችላል፤ «በባቲ የተሠራ ሬጌ» እንላለን። ችክችካ ግን ምት ስለሆነ ከሬጌ ጋር ቢፈራረቅ ቅልቅል መባል ያስኬደዋል። የሙላቱ አስታጥቄ ኢትዮ ጃዝም የአገራችንን ቅኝቶች ከጃዝ ሃርመኒ (የድምፆች አደራረብ) ጋር ያጋባ እንጂ ሁለት ቅኝት የደባለቀ አይደለም።

እንግዲህ፦ «ራሱ ያቀናበረውና ችክችካን ከሬጌ ያዋሐደው፣ በስሙ ያወጣው የመጀመሪያ አልበም በሃያሲያን ተወደደ።» ሬጌና ችክችካውን እኔ ነኝ የገመትኩት፤ አልበሙን የሰሙት እርስዎ ነዎትና ያስተካክሉት።