ለላብራቶሪ ተማሪዎች፦ ያልመለስኩት ጥያቄ

ልጆቼ፣

ጎንደር ውስጥ ላብራቶሪ መሥራት ከጀመርኩ ሠላሳ ዓመት አልፎኛል። ከሥራዬ ጎን አስተምሬያለሁም። አንድ ቀን ስለ ዩቢኩዊቲን፣ ሴል የሚፈርሰውን ፕሮቲን ምልክት ስለሚያደርግባት ትንሽ ፕሮቲን፣ እያስተማርኩ ከኋላ ወንበር አንድ ልጅ እጁን አወጣ። «መምህር፣ ይሄ ነገር እዚህ ለእኛ ምን ይጠቅመናል?» አለኝ። ሰዓት አልቆ ነበር። «ለፈተና» አልኩት። ክፍሉ ሳቀ። እሱ ግን አንገቱን ደፍቶ ደብተሩን ዘጋ። ዛሬም ድረስ ይቆጨኛል።

ነገሩን ከሥሩ ላንሳው። ሴላችን ውስጥ ፕሮቲን ሲሠራ ይውላል፤ ሲፈርስም ይውላል። ተመራማሪዎች ለብዙ ዘመን የተረባረቡት መሥራቱ ላይ ነበር። መፍረስን ከቁም ነገር የቆጠረው ጥቂት ሰው ነው። ግን አንድ እንቆቅልሽ ነበረ። ሴል ፕሮቲኑን ለማፍረስ ኤቲፒ፣ ማለትም የጉልበት ገንዘቡን፣ ይከፍላል። የሚበሰብስ ነገር በራሱ ይበሰብሳል፤ ታዲያ ጉልበቱ ለምን አስፈለገ?

አቭራም ሄርሽኮና ተማሪው አሮን ቺካኖቨር ሃይፋ ላይ፣ ኧርዊን ሮዝ ደግሞ ፊላደልፊያ ሆነው ይህችን ጥያቄ አልለቀቁም። ያልበሰሉ የጥንቸል ቀይ የደም ሴሎችን ጨምቀው ፈሳሹን ለሁለት ከፈሉት። አንዱም ለብቻው አላፈረሰም። ሲቀላቀሉ ሥራው ቀጠለ። አንደኛው ክፍል በሄሞግሎቢን የተሞላ ስለነበር የሚፈልጉትን ነገር ነጥሎ ማውጣት አስቸገረ። ምን አደረጉ? አፈሉት። ሄሞግሎቢኑ እንደ እንቁላል ረጋ። የሚፈልጉት ግን እሳቱን ችሎ ጥርት ባለው ፈሳሽ ውስጥ ቀረ። 76 አሚኖ አሲድ ብቻ ያላት ትንሽ ፕሮቲን ነበረች፤ ዩቢኩዊቲን። ሦስቱም እ.ኤ.አ. በ2004 የኬሚስትሪ ኖቤል ተሸለሙ። «መሣሪያ የለንም» ስትሉኝ ይህን የፈላ ውኃ አስቡልኝ። መሣሪያ አያስፈልግም እያልኩ አይደለም፣ ያስፈልጋል። ጥያቄው ግን ከመሣሪያው በፊት ነበረ።

አሠራሩ ይህን ይመስላል። የበዓል ሰሞን በግ ገበያ ውጡ። የተሸጠው በግ ጀርባው ላይ ቀለም ይቀባል። ቀለሙን ያየ ሰው በጉ ወዴት እንደሚሄድ ያውቃል። ሴልም እንዲሁ ይቀባል። ሦስት ዓይነት ኢንዛይሞች እየተቀባበሉ ዩቢኩዊቲኗን ፕሮቲኑ ላይ ይለጥፏታል። የመጨረሻው ነው «ይሄኛው ይቀባ» ብሎ የሚመርጠው፤ ሰው ውስጥ ከዚህ መራጭ ከ600 በላይ ዓይነት አለ። አንዷ ዩቢኩዊቲን በሌላዋ ላይ ስትቀጣጠል ሰንሰለት ይሆናል። የአንዱ ዓይነት ሰንሰለት ትርጉም «ፕሮቲያዞም (የሴሉ ፕሮቲን መክተፊያ) ውስጥ ገብቶ ይከተፍ» ነው። የሌላው ዓይነት ማፍረስ ሳይሆን መልእክት ነው፤ የተጎዳ ዲኤንኤ ሲጠገን ጭምር ያገለግላል። ቀለሙን የሚያጥቡ ኢንዛይሞችም አሉ። ሱሞ እና ኔድ8 የሚባሉ ዘመዶቿም በየፊናቸው ይለጠፋሉ።

ቀለሙ ሲሳሳት በሽታ ይመጣል። የማህፀን በር ካንሰር የሚያመጣውን ቫይረስ ተመልከቱ። ኢ6 የሚባለው ፕሮቲኑ የራሳችንን መራጭ ኢንዛይም ይጠልፍና ፒ53ን ያስቀባዋል። ፒ53 ሴል ወደ ካንሰር እንዳይሄድ የሚጠብቅ ዘበኛ ነው። ዘበኛው ተከተፈ ማለት ነው። አገራችን እ.ኤ.አ. ከ2018 ጀምሮ ለ14 ዓመት ልጃገረዶች መከተብ የጀመረችው ክትባት ይህን ቫይረስ የሚከላከል ነው። እህቶቻችሁን አስከትቡ። በወጣትነት ከሚጀምሩ የፓርኪንሰን (የሚያንቀጠቅጠው የአንጎል በሽታ) ዓይነቶች አንዱም ፓርኪን ከሚባለው መራጭ ኢንዛይም ብልሽት ይመጣል።

አሁን ወደ ቤታችን ልመለስ። ካላዛርን ታውቁታላችሁ። ሰሊጥ ለማረም፣ ለማጨድ መተማና ሁመራ የወረዱ ልጆች ናቸው ይዘውት የሚመጡት። ዋልካው መሬት ይሰነጠቃል፣ ልጆቹ ግራር ሥር ያድራሉ፣ የአሸዋ ዝንቧ ትነክሳቸዋለች። ከዚያ ትኩሳት፣ መክሳት፣ ያበጠ ጣፊያ። ከጣፊያው በመርፌ ተቀድቶ ስላይድ ላይ ይሰመራል፣ ጂምሳ በሚባል ማቅለሚያ ይቀለማል፣ ዘይት ጠብ ይደረግበታል። በሽታውን የሚያመጣው ጥገኛ ተውሳክ እዚያው ነጭ የደም ሴል ውስጥ ተቀምጧል። ሐምራዊ ነጥብ አለው፤ አጠገቡ እንደ ሰረዝ ያለች ሌላ ነገር። ስንቱን እንዲህ ቆጥሬ ስንት ልጅ ላይ «ተገኝቷል» ብዬ እንደጻፍኩ! ለዓመታት የተለመደው ሕክምና ለ17 ቀን በየቀኑ የሁለት መድኃኒት መርፌ ነው። መርፌው ሲያማቸው አይቻለሁ።

እንግዲህ ያ ጥገኛ ራሱ ፕሮቲያዞም አለው። ያለሱ መኖር አይችልም። እ.ኤ.አ. በ2016 ተመራማሪዎች ሦስት ሚሊዮን ያህል ውህዶችን አበጥረው፣ የጥገኛውን ፕሮቲያዞም ዘግቶ የእኛን የሚተው አንድ ውህድ ማግኘታቸውን አሳወቁ። በአይጦች ላይ ሠራ፤ ለካላዛር ብቻ ሳይሆን ዘመድ ጥገኞች ለሚያመጧቸው ለእንቅልፍ በሽታና ለሻጋስ በሽታም። የዚያ ቤተሰብ የሆነ በአፍ የሚወሰድ መድኃኒት አሁን በሰው ላይ እየተሞከረ ነው።

ይህን ያነበብኩ ቀን ብዙ ቆይቼ ተቀመጥኩ። ጠዋት ጠዋት ማይክሮስኮፕ ላይ የማየው ጥገኛና ከሰዓት በኋላ «ለፈተና» ብዬ የማስተምረው ምዕራፍ አንድ ነገር ነበሩ። አላገናኘኋቸውም።

ስለዚህ ልጆቼ፣ ምዕራፉን አትዝለሉት። የፕሮቲን ስም ባነበባችሁ ቁጥር ዋርድ ገብታችሁ የማን በሽታ ውስጥ እንዳለ ጠይቁ። መምህራችሁ ሰዓት ካጠረው፣ በነጋታው ደግማችሁ ጠይቁት። እኔን በነጋታው የጠየቀኝ የለም፤ ልጁንም ጠርቼ አላናገርኩትም።

ዛሬ የት እንዳለ አላውቅም። ይህን ካነበበ፣ ያን ቀን ልሰጠው ይገባ የነበረው መልስ ጣፊያው ካበጠበት የመተማ ልጅ ስላይድ ላይ ነበር።