ሞተር ከመግዛትህ በፊት ሚዛን ተዋስ

ወንድሜ፣ ጥያቄህን ትናንት ማታ ነው ያየሁት። ደብረ ብርሃን ነን፣ ሦስት ጓደኛሞች ነን፣ ሞተሩ ከወንበሩ ጀርባና ከኋላ ጎማው ፊት የሚቀመጥ ሁለት ሰው የሚይዝ ቀላል ባጊ (በብረት ቱቦ የሚሠራ ክፍት የአሸዋና የሜዳ መኪና) መሥራት እንፈልጋለን፣ ገንዘባችን ትንሽ ነው፣ የባጃጅ ሞተር በርካሽ አግኝተናል፣ እንግዛው ወይ ብለሃል። ብዙ ሰው «ግዛው» ብሎሃል። እኔ ቆይ እላለሁ። ባጊ ሠርቻለሁ፤ እውነቱን ለመናገር አንድ ተኩል ነው የሠራሁት። ግማሹ ዛሬ እናቴ ጓሮ የዶሮ ቤት ሆኗል።

ከዶሮ ቤቱ ልጀምር። ከአንድ ሕንፃ ሥራ የተረፈ የውኃ ቱቦ በነፃ አገኘን። ነፃ ሲባል ማን ያመዛዝናል? ውፍረቱ 3 ሚሊ ገደማ፣ አንዱ ሜትር ሦስት ኪሎ የሚመዝን ነው። ለእንደዚህ ዓይነት ባጊ ወደ 30 ሜትር ቱቦ ይሄዳል። አስበው፣ ጎማ ሳይገባ፣ ሰው ሳይቀመጥ፣ አጥንቱ ብቻ 90 ኪሎ። ከዳር እዳር 38 ሚሊ፣ የግድግዳው ውፍረት 2 ሚሊ የሆነ ጥቁር ቱቦ ብንገዛ ኖሮ ሜትሩ 1.8 ኪሎ አይሞላም፤ 30 ሜትሩ 53 ኪሎ ገደማ ነው። ልዩነቱ ወደ 40 ኪሎ። ሊሞላ ትንሽ የቀረው የሲሚንቶ ከረጢት ሳይፈልጉ ጭኖ እንደመዞር ነው። በዚያ ላይ ያ ቱቦ ዚንክ የተቀባ ስለነበር ሲበየድ ነጭ ጭስ ያወጣል። በያጃችን ማታውን ትኩሳትና ብርድ ብርድ ይዞት አደረ። «ወተት ጠጣ» አሉት። ወተቱ ምንም አላደረገለትም። ዚንክ ያለበትን ብረት አትበይድ፤ ግድ ከሆነም ዚንኩን በደንብ ፈግፍገህ፣ ውጭ፣ ነፋስ ባለበት በይድ።

ስለዚህ ከሞተሩ በፊት ሚዛን ፈልግ። የእህል ነጋዴ ጓደኛ አታጣም፣ ከእሱ ተዋስ። የምታስገባውን ዕቃ ሁሉ መዝነህ ደብተር ላይ ጻፍ። ወንበሩን፣ ባትሪውን፣ ብሎኑን ሳይቀር። መጨረሻ ላይ ደግሞ እያንዳንዱን ጎማ ለብቻው ትመዝናለህ። ሚዛኑ ከፍታ ስላለው ሌሎቹ ሦስት ጎማዎች ሥር በተመሳሳይ ቁመት ጣውላ አድርግ፣ አለዚያ ቁጥሩ ይዋሻል። ሁለት ሰውም አስቀምጥበት። ሞተሩ መሃል የሆነ ባጊ ከፊት 40፣ ከኋላ 60 በመቶ አካባቢ ቢመጣልህ ደስ ይበልህ። ፊቱ ከዚያ በጣም ከቀለለ ዳገት ላይ መሪው ባዶ ይሆንብሃል። ታርማበር ዳገት ላይ መሪ ባዶ መሆን ምን እንደሆነ ለአንተ አልነግርህም።

አሁን ወደ ባጃጁ። ባለ አራት ምት የባጃጅ ሞተር 200 ሲሲ ገደማ ነው፣ ጉልበቱም ወደ 10 ፈረስ። ደብረ ብርሃን ደግሞ ከባሕር ጠለል በላይ 2,800 ሜትር ላይ ናት። አየሩ ስስ ነው። ተርቦ (አየር ጨምቆ የሚያስገባ ዕቃ) የሌለው ሞተር እዚህ ከፍታ ላይ ከጉልበቱ ሩብ ያህሉን ያጣል። 10ሩ ሰባት ተኩል ሆነ ማለት ነው። ካርቡራተሩም ለቆላ ተብሎ ከተስተካከለ ቤንዚን ይበዛበትና ጥቁር ጭስ ያወጣል፤ ጂግለሩን፣ ቤንዚን የሚያልፍባትን ባለ ቀዳዳ ብሎን፣ ቀዳዳው በጠበበ መቀየር ሊኖርብህ ነው።

ይኼ ሁሉ ይታለፍ። ሰው የማያስበው ጎማውን ነው። ባጃጅ 4.00-8 የሚባለውን ትንሽ ጎማ ነው የሚያዞረው፤ ከዳር እዳር 41 ወይም 42 ሳንቲ ቢሆን ነው። አንተ ደግሞ ለአሸዋና ለድንጋይ ትልቅ ጎማ ትፈልጋለህ። የትንሽ አውቶሞቢል ባለ 13 ጎማ ብታስገባ 58 ሳንቲ ይሆናል። ማርሹ ሁሉ በአንድ ጊዜ 40 በመቶ ረዘመ ማለት ነው። አንደኛው ማርሽ እንደ ሁለተኛ ይሆናል። ሜዳ ላይ ይሄዳል፤ ዳገት ላይ ፍሪሲዮኑ ይሸታል። ባጃጅ ከገዛህ ከትንሽ ጎማው ጋር ኑር፣ ባጊውንም ከ250 ኪሎ አታሳልፈው፣ ሁለተኛውን ወንበርም እርሳው። እንደዚያ ከሆነ ጥሩ መማሪያ ነው። አልቀለድኩም፤ ለመጀመሪያ ሥራ እኔም ብሆን እሱን እመርጥ ነበር።

ቮልስ ያነሳም ሰው አለ። እርግጥ ነው፣ የባጊ አባት ቮልስ ነች። ብሩስ ማየርስ የሚባለው አሜሪካዊ በ1964 እ.ኤ.አ. ካሊፎርኒያ ውስጥ የፋይበርግላስ ገላ ሠርቶ ነው ነገሩን ያስፋፋው፤ ኋላም የቮልስን ወለል አሳጥሮ ላዩ ላይ ገጠመው። ግን የቮልስ ሞተር ያለው ከኋላ ጎማው በስተጀርባ ነው፣ መሃል አይደለም። መሃል ለማድረግ ሞተርና ካምቢዮውን (የማርሽ ሳጥኑን) አዙረህ ስትገጥም ጎማው በተቃራኒ ይዞራል። አራት የኋላ ማርሽና አንድ የፊት ማርሽ ያላት መኪና ትወጣልሃለች! ካምቢዮው ተፈትቶ ትልቁ የዲፈረንሻል ጥርስ ወደ ሌላኛው ጎን ካልተገለበጠ በቀር ማለቴ ነው። ሥራው ይቻላል፣ ግን ቮልስ ዛሬ ወዳጁ ብዙ ነው፣ አራርጄ ባጊ ልሥራበት ብትል የሚሸጥልህም አታገኝ።

ሁለተኛውን ባጊ የሠራነው በተገጨች ቪትስ ነው። ጎኗ የተጨፈለቀ፣ አፍንጫዋ ደህና የሆነ። ባለ አንድ ሊትሯ ቪትስ 70 ፈረስ ገደማ አላት። ሞተሩ አግድም ተቀምጦ የፊት ጎማን ስለሚያዞር፣ ያንን የፊት ክፍል እንዳለ ነቅለህ ከወንበሩ ጀርባ ስታስቀምጠው ሞተርህ መሃል ሆነ፣ አለቀ። ምንም የሚገለበጥ ነገር የለም። ምስጢሩ «እንዳለ» የምትለዋ ቃል ላይ ነው። ሞተሩን፣ ካምቢዮውን፣ የተቀመጠበትን የብረት አልጋ፣ ጎማው የሚታሰርበትን ሞዞ፣ ሾኩን፣ ኮምፒውተሩን፣ ሽቦውን ከነቁልፉ፣ የማርሽ ገመዱን ሁሉ ከአንድ መኪና ውሰድ። ሞተር ከአንዱ፣ ካምቢዮ ከሌላው፣ ሽቦ ከሦስተኛው ያሰባሰበ ልጅ አውቃለሁ፤ ገንዘቡ ያለቀው ቶርኖ ቤት ነው። ማኑዋል ካገኘህ ማኑዋል ይሁን።

የፊት ክፍል ወደ ኋላ ሲሄድ ሁለት ወጥመድ አለው። አንደኛው መሪ ነው። እነዚያ ጎማዎች ለመታጠፍ የተሠሩ ናቸው፣ አሁን መታጠፍ የለባቸውም። ቴስቲናውን፣ ጎማውን የሚያዞረውን የመሪ ዘንግ ጫፍ፣ ከአልጋው ጋር በዘንግ ታስረዋለህ። እኛ በደፈናው አጭር ብረት በየድንበት። መኪናው ጉድጓድ በገባ ቁጥር የኋላ ጎማዎቹ በራሳቸው ወደ ውስጥ ይዞሩ ጀመር፤ ቂጡ እንደ ሰከረ ሰው ይወዛወዛል። ዘንጉ እንደ ድሮው መሪ ርዝመቱም የሚታጠፍበት ቦታም ያው መሆን አለበት። ያንን አስተካክለን ሰላም ሆነ።

ሁለተኛው ፍሬን ነው። የፊቱ ጠንካራ ዲስክ ፍሬን ወደ ኋላ ሄደ ማለት ነው። ፊት ላይ ደካማ ፍሬን ካደረግህ ረገጥ ስታደርግ ኋላው ቀድሞ ይቆልፍና ትዞራለህ። ፊትም ዲስክ አድርግ፣ ወደ ኋላ የሚሄደውን ግፊት የሚቀንስ ቫልቭም ጨምርበት። ደግሞ ልብ በል፣ የፊት ዲስክ የእጅ ፍሬን የለውም። እኛ ይኼን የተረዳነው ደብረ ሲና ዳገት ላይ አቁመን ስንወርድ ነው። እንደ አይሱዙ ረዳት ድንጋይ ፍለጋ ሮጥን። አሁን ከወንበር ሥር ሁለት የእንጨት ታኮ አይጠፋም፣ የእጅ ፍሬኑንም በኋላ ለብቻው ሠራንለት።

ቱቦ ማጠፍን በተመለከተ፣ ማጠፊያ ማሽን ያለው ሰው ፈልገህ ክፈል። እኛ አሸዋ ሞልተን፣ ጫፍና ጫፉን በእንጨት ደፍነን፣ በእሳት አጠፍን። ይሠራል። አሸዋው ግን እርጥብ ከሆነ እንፋሎቱ መውጫ ያጣል። አንዱ ውታፍ እንደ ጥይት ተተኩሶ የጋራዡን ቆርቆሮ በስቶ ወጣ። ማንም ፊት ለፊቱ ስላልቆመ ዛሬ እንስቃለን። አሸዋውን መጀመሪያ ምጣድ ላይ ቁላው።

ውኃ ማቀዝቀዣው ላይ ትንሽ ልቆይ፣ ደብረ ብርሃን ያታልላልና። እዚህ በብርዱ ምንም ብታደርግ ሞተር አይሞቅም። እኛም ሦስት ሳምንት በሬሳ ወንዝ ዳር ስንነዳው ጎበዝ ነን አልን። ከዚያ አይሱዙ ላይ ጭነን ወደ ሸዋ ሮቢት ወረድን፣ የሮቢ ወንዝ በበጋ አሸዋውና ጠጠሩ ለሙከራ ይመቻል። ከ1,500 ሜትር በላይ ስለወረድን ሞተሩ ሌላ ሆነ፤ ጉልበቱ ያስደነግጣል። አሥር ደቂቃ አልሞላም፣ ሙቀት መለኪያው ቀይ ነካ። ራዲያተሩን ፊት አድርገን ቱቦውን ከወንበር ሥር አሳልፈን ነበር። መሃል ላይ ቱቦው እንደ ግመል ጀርባ ጉብ ብሏል፣ እዚያ ጉብታ ውስጥ አየር ታስሯል። ውኃ የምንሞላበትን አፍ በድንጋይ ከፍ አድርገን፣ ጉብታው ላይ ያለውን ማሰሪያ ላላ አድርገን፣ አረፋው እስኪያልቅ ጠበቅን። ቡልቅ ቡልቅ ይላል፣ ከዚያ ጥርት ያለ ውኃ። በቃ። አንተ ቱቦውን ቀጥ አድርገህ አሳልፍ፣ መሙያውን ከሁሉም ከፍ ያለ ቦታ አድርግ። የራዲያተሩ ክዳን ላይም አትሰስት። ደብረ ብርሃን ላይ ክፍት ውኃ የሚፈላው 90 ዲግሪ ገደማ ነው። ክዳኑ ግፊት ካልያዘ ሞተሩ ገና ሥራውን ሳይጀምር ውኃው ይፈላል።

ገንዘቡን በተመለከተ ዋጋ አልጽፍልህም፣ በየሳምንቱ ይቀየራል። የነዳጅ መኪና ማስገባት ከተከለከለ ወዲህ ደግሞ የተገጨውም ውድ ሆኗል። ግን ካላችሁ ገንዘብ ከግማሽ በላዩን ለሞተሩ አታውጡ። ኩሽኔታ፣ ብሎን፣ የፍሬን ቱቦ፣ ኤሌክትሮድ፣ ቶርኖ፣ ቀበቶ፣ ጭነት፤ እነዚህ ናቸው ኪስ የሚያራቁቱት። በሞተሩና በጀርባችሁ መካከል የምትሆነዋን ላሜራም አትርሱ፣ የቤንዚን ጋኑንም ከማርሚታው አርቁት። ታርጋ ስለሌላት በደሴ መንገድ ነድተህ ልሂድ አትበል፤ አይሱዙ ጫን።

የባጃጁን ሻጭ ነገ አንድ ነገር ጠይቀው፦ ሞተሩ ብቻ ነው ወይስ ጀርባው ከነዘንጉ፣ ከነሞዞው፣ ከነጎማው አለ? ጀርባው በሙሉ ካለ፣ አንድ ወንበር ይበቃናል ካላችሁ፣ ግዙት። ሞተሩ ብቻ ከሆነ ግን በነፃም ቢሰጡህ ለእኔ እንደዚያ የውኃ ቱቦ ነው።