«ውስጣዊውን ሕፃን» ማጽናናት ኃጢአት ነውን?

ጥያቄ፦ በጅማ የምኖር የ34 ዓመት ሴት፣ የአንድ ልጅ እናት ነኝ። የስምንት ዓመት ልጅ ሳለሁ አባቴ ግቢያችን ውስጥ የተሰጣውን ቡና እንድጠብቅ አዞኝ ወጣ። ከጎረቤት ልጆች ጋር ጨዋታ ይዤ ዝናብ መጣ፤ ቡናው ራሰ። በቀበቶ ገረፈኝ፣ ሌሊቱንም ደጅ አሳደረኝ። ዛሬም ዝናብ ቆርቆሮውን ሲመታ እጄ ይንቀጠቀጣል፤ ልጄ አንዳች ነገር ሲያበላሽ ደግሞ ራሴን የሚያስደነግጠኝ ጩኸት ከአፌ ይወጣል። በቅርቡ በተካፈልኩት ሥልጠና ላይ ዓይናችንን ጨፍነን በውስጣችን ያለውን ሕፃን እንድናቅፍ፣ በማንጽፍበት እጃችንም በእርሱ ስም ደብዳቤ እንድንጽፍ ተደረገ። አለቀስኩ፤ ቀለለኝም። ጓደኛዬ ግን «ይህ ባዕድ አምልኮ ነው፣ አባትንም ማማት ነው፤ ደብዳቤውን አቃጥዪው» አለችኝ። ምን ላድርግ?

መልስ፦ እኅታችን፣ በመጀመሪያ ስለ ስያሜው ጥቂት እንበል። «ውስጣዊው ሕፃን» የሚለው አነጋገር የመጣው ከሥነ ልቦና ሕክምና ነው፤ የስዊዘርላንዱ የአእምሮ ሐኪም ካርል ዩንግ በሰው ነፍስ ውስጥ ስላለው የሕፃን ምስል ጽፎ ነበር፣ በኋላም በተለይ በአሜሪካ አማካሪዎች ዘንድ እየተስፋፋ ሄደ። በሰው ውስጥ ሌላ አካል ይኖራል ማለት ሳይሆን፣ በልጅነት የተቀበልነው ፍርሃትና ኀዘን ሳይጽናና አብሮን ማደጉን የሚገልጽ ምሳሌያዊ አጠራር ነው። ስለዚህ ጓደኛዎ በቅንነት ቢናገሩም ነገሩን ባዕድ አምልኮ ማለታቸው ልክ አይደለም። መንፈስ እንጥራ፣ ሙታንን እናነጋግር የሚል ሰው ከገጠመዎ ግን ያን ጊዜ ተነሥተው ይውጡ።

የቁስልን መታወስ በተመለከተ የዮሴፍን ታሪክ ቀስ ብለው እንዲያነቡት እመክርዎታለሁ። ዮሴፍ በ17 ዓመቱ በወንድሞቹ ተሸጠ፣ በ30 ዓመቱ በፈርዖን ፊት ቆመ፤ የበኩር ልጁንም «እግዚአብሔር መከራዬን ሁሉ የአባቴንም ቤት አስረሳኝ» ብሎ ምናሴ አለው። ረስቻለሁ ብሎ ነበር። ነገር ግን ወንድሞቹ እህል ሊሸምቱ መጥተው በገዛ ቋንቋው ሲነጋገሩ በሰማ ጊዜ ከእነርሱ ዘወር ብሎ አለቀሰ፤ በሁለተኛው ጉዟቸው ወደ እልፍኙ ገብቶ አለቀሰ፤ በመጨረሻም የግብፅ ሰዎች እስኪሰሙ ድረስ ጮኾ አለቀሰ። የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም የሚለው ብሂላችን በግብፅ ገዥ ላይም ሠርቷል። መጽሐፍ ይህን ልቅሶ እንደ በደል አልቆጠረበትም። ለእርስዎ የዝናቡ ድምፅ ያደረገውን ለዮሴፍ የወንድሞቹ ድምፅ አድርጎታል።

አባትን ስለ ማማት ለተባለው፣ ኤፌሶን ምዕራፍ 6ን ብዙዎቻችን «ልጆች ሆይ ታዘዙ» ከሚለው አናልፍም፤ ጥቂት ወረድ ብሎ ያው ሐዋርያ አባቶችን «ልጆቻችሁን አታስቆጡአቸው» ይላል። በቀበቶ መገረፍዎንና ደጅ ማደርዎን እንደ ሆነው መናገር ስድብ አይደለም። በየቡና ጠጡ ላይ የአባትን ስም ማጥፋት ግን ሌላ ነገር ነው፤ ድንበሩን እርስዎም የሚያውቁት ይመስለኛል።

ከሁሉ ይልቅ ላሰምርበት የምወድደው አንድ ጉዳይ አለ። ብዙ ምእመናን የተደረገባቸውን በደል እንደ ራሳቸው ኃጢአት ተናዝዘው ቀኖና ሲጠብቁ አይቻለሁ፤ ይህ ጉዳት ነው። ቀኖና ለሠራነው ኃጢአት ይሰጣል፤ በተሠራብን ላይ ግን የሚያስፈልገን መጽናናት ነው። በልጅዎ ላይ የሚጮኹትን ለንስሐ አባትዎ ይናዘዙ፣ እርሱ የእርስዎ ነውና፤ በዚያ ሌሊት የሆነውን ደግሞ እንደ ቁስል ያሳዩ፣ እርሱ የእርስዎ አይደለምና። ሁለቱ ተቀላቅለው ስለኖሩ ይመስለኛል ጩኸቱ ራስዎን የሚያስደነግጥዎ።

በሥልጠናው ላይ ግን አንድ ማስጠንቀቂያ አለኝ። ራስህን በራስህ ታድናለህ የሚለው አነጋገር ያሳስበኛል። ያችን ልጅ ቢያቅፏት መልካም ነው፤ ነገር ግን ብቻዎን ሆነው አይደለም። «ልጅነት» የሚለው ቃላችን በቤተ ክርስቲያን ሁለት ነገር ይይዛል፤ ያለፈውን የልጅ ዕድሜ፣ እንዲሁም በጥምቀት የሚገኘውን የእግዚአብሔር ልጅ መሆን። እርስዎ በሕፃንነትዎ በ80 ቀንዎ ተጠምቀው ከሆነ፣ ያ ቀበቶ ከመነሣቱ ከሰባት ዓመት በላይ አስቀድሞ ያን ልጅነት ተቀብለዋል፤ ደጅ ያደረችውም ልጅ በዚያች ሌሊት አባት አልባ አልነበረችም። «አባቴና እናቴ ትተውኛልና፥ እግዚአብሔር ግን ተቀበለኝ» የሚለውን መዝሙር 26ን ዝናብ በጀመረ ቁጥር ድምፅዎን አውጥተው ይድገሙት፤ ልጅዎ አጠገብዎ ካለ አብሮዎ ይበል። ጮኸውበት ከሆነ ደግሞ በዚያው ዕለት፣ ሳይመሽ፣ ይቅርታ ይጠይቁት፤ አባት እናት ልጅን ይቅርታ አይጠይቅም የሚለውን ልማድ እኔ አልቀበለውም።

መንቀጥቀጡ ከበረታ፣ እንቅልፍም ከነሣዎ ወደ ሐኪም ይሂዱ። እዚሁ ጅማ በዩኒቨርሲቲው የሕክምና ማዕከል የአእምሮ ሕክምና ይሰጣል፤ መጽሐፈ ሲራክም በምዕራፍ 38 ሐኪምን እንድናከብር ያዝዛል። ጸበሉን ይዘው መድኃኒቱን አይተዉ።

አባትዎ በሕይወት ካሉና ሊያነጋግሯቸው ካሰቡ አይቸኩሉ። ዮሴፍ እንኳ ማንነቱን የገለጠው ወንድሞቹ ለሁለተኛ ጊዜ በመጡ ጊዜ ነው፤ አስቀድሞ ልባቸውን መረመረ።

ደብዳቤውን አያቃጥሉት። ለንስሐ አባትዎ ይዘውት ይሂዱ፤ በማይጽፉበት እጅ የተጻፈ በመሆኑ ማንበብ ቢቸግራቸው እርስዎ ያንብቡላቸው።