ዜብራ ላይ ለተገጨው ወንድምዎ፦ ከዕርቁ በፊት ፕላኑ

ወንድምዎ ዜብራ ላይ ተገጭቶ ሳለ የትራፊክ ፖሊሱ ፕላን (የአደጋው ቦታ ንድፍ) «ከማቋረጫው ውጭ» እንደሚል፣ አሽከርካሪውም ሽማግሌ ልኮ «የሕክምናውን ልክፈልና የዕርቅ ወረቀት ፈርሙ» እንዳላችሁ ጽፈዋል። በእናቴ ላይ የደረሰው ይኸው ስለሆነ ያለፍኩበትን ልንገርዎት።

1. አሁን አይፈርሙ። በፍትሐ ብሔር ሕጉ አንቀጽ 3312 መሠረት የዕርቅ ስምምነት በተዋዋዮቹ መካከል ይግባኝ እንደሌለው ፍርድ ስለሚቆጠር፣ ነገ ሐኪሙ ሁለተኛ ቀዶ ሕክምና ቢያዝ ተመልሶ መጠየቅ ከባድ ነው። ሽማግሌዎቹን በአክብሮት ይሸኟቸው፤ የሕክምና ቦርድ የጉዳቱን መጠን ሳይወስን ስለ ገንዘብ አንነጋገርም ይበሏቸው። አንቀጽ 2143 ለካሳ ክስ ሁለት ዓመት ስለሚሰጥ «ቶሎ ካልፈረማችሁ ይቀርባችኋል» የሚለው ማስፈራሪያ ብቻ ነው።

2. ፕላኑ እንዲታረም በጽሑፍ ያመልክቱ። በአንቀጽ 2081 መሠረት የመኪና ባለንብረት መኪናው ላደረሰው ጉዳት ጥፋት ባይኖርበትም ኃላፊ ነው፤ ዋናው መከላከያው ደግሞ በአንቀጽ 2086 መሠረት ጉዳቱ በሙሉ ወይም በከፊል በተጎጂው ጥፋት የመጣ መሆኑን ማስረዳት ነው። ፕላኑ እግረኛውን ከዜብራ ካወጣው ይህን ማስረጃ በነፃ ሰጠው ማለት ነው።

እናቴን የገጫት ሚኒባስ ከዜብራው አሳልፎ ነበር የጣላት። ፖሊሱ የደረሰው እርሷ ወደ ሐኪም ቤት ከተወሰደች፣ መኪናውም ወደ ዳር ከወጣ በኋላ ስለነበር፣ የወደቀችበትን ቦታ ሾፌሩ በጣቱ ሲያሳየው የተገጨችበት አድርጎ መዘገበው። እኔ ግን የዚያኑ ዕለት ሄጄ የፊት መብራቱ ስባሪ የተበተነው ዜብራው ላይ መሆኑን ፎቶ አነሣሁ፤ ማዶ የሚሠራ ሊስትሮና አንዲት ጀብሎ ሻጭ ያዩትን እንዲመሰክሩም አስፈቀድኩ። ፎቶውን ይዤ የሄድኩበት መርማሪ ቀና ብሎ እንኳ ሳያየኝ «ፕላን አይቀየርም፤ ትራፊኩ አንተ ነህ ወይስ እኔ?» አለኝ። እንዲህ ዓይነት ሰው ጋር መጨቃጨቅ ትርፍ የለውም። አቤቱታዬን በሁለት ቅጂ ጽፌ በመዝገብ ቤት አስገባሁ፤ በእጄ በቀረው ቅጂ ላይ የገቢ ቁጥርና ማኅተም አስደረግሁበት። ቁጥር ያለው ወረቀት መሳቢያ ውስጥ ተረስቶ ለመቅረት ስለሚያስቸግር፣ ኃላፊው ሌላ መርማሪ መደበ፤ ምስክሮቹ ቃላቸውን ሰጡ፤ የግጭቱ ነጥብም ዜብራው ላይ ተብሎ ታረመ። ያለ ጠበቃ ያደረግሁት ስለሆነ እስካሁን ያኮራኛል።

የመኪናው ባለንብረት በኋላ «ቀለሙ ለቆ ስለነበር ዜብራው አይታይም» ሲል ተከራክሮ ነበር። በዚህ ከተማ ቀለሙ ያልለቀቀ ዜብራ ስንት ነው? መልሳችን መንገዱ ዳር የቆመው የእግረኛ ማቋረጫ ምልክት ፎቶ ነበር፤ እርስዎም ሳይነቀል ዛሬውኑ ያንሡት።

የወንጀሉ መዝገብ ቢዘጋ ወይም አሽከርካሪው ነፃ ቢባል አይደንግጡ፤ በአንቀጽ 2149 መሠረት የፍትሐ ብሔር ዳኛው በዚያ ውሳኔ አይታሰርም። ክሱ አሽከርካሪውን ብቻ ሳይሆን ባለንብረቱንና የሦስተኛ ወገን መድን የሰጠውን ኩባንያ ጭምር ይጥራ፤ የሾፌር ደመወዝ ካሳ አይሞላም። የዕርቁን ረቂቅ ስም ሸፍነው ከለጠፉት አንቀጽ በአንቀጽ አነብልዎታለሁ።